ቤት ለሐራጅ ከመቅረቡ አስቀድሞ

በሙዱላ ከተማ ለመምህራን ማኅበር አባላት የቀረበ ንግግር




በጠምባሮም ሆነ በከምባታና በሐዲያ ምድር ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። በገጠር እንሰቱ ቤቱን ከብቦ ይቆማል፤ ሙሽራ የሚገባው፣ እንግዳ የሚያድረው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ለቅሶ የሚደረሰው እዚያው ነው። ከገጠር ወጥቶ በሙዱላ፣ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና የቆርቆሮ ቤት የሠራ ሰውም «ቤት አለው» ሲባል ንብረቱ ብቻ አይደለም የሚነገርለት፤ ስሙና የልጆቹ ተስፋ አብረው ይነገሩለታል። ስለዚህ ቤቱ በሐራጅ እንዲሸጥ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰው ከጣራው ጋር በሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድበትን ክብር ጭምር የሚያጣ ይመስለዋል። ይህም ስሜት፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ ለጥፋቱ አንዱ ምክንያት ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም፦ ቤት በአብዛኛው የሚጠፋው ጨረታው በሚከፈትበት ቀን ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ባሉት የዝምታ ወራት ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው የወር ክፍያ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ የባንኩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እስከሚደርስበት ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ባለዕዳው በእጁ ብዙ መንገድ አለው። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ግን መንገዱ አንድ በአንድ ይዘጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ዕዳ የተነገረ ባይሆንም ለዕዳ ከሚስማማው በላይ ለምንም አይስማማም።

ይህ ጉዳይ በመምህራን ስብሰባ ላይ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ መምህሩ ራሱ ደመወዙን ተማምኖ የተበደረ፣ ወይም ለዘመዱ ዋስ የሆነ ሰው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በትንሽ ከተማ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደው ማንበብና መተርጐም ወደሚችል ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ መምህር ነው። እንግዲህ በዚያች ሰዓት መምህሩ የሚሰጠው ምክር ቤት ሊያድን ወይም ሊያስጠፋ ይችላል።

ቤቱ እንዴት በመያዣ ይገባል?

በኢትዮጵያ ለቤት መሥሪያ ገንዘብ የሚያበድሩ ድርጅቶች የተቋቋሙት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከአብዮቱ በኋላ እነዚያው ተጣምረው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተባሉ፤ ያ ባንክ ከጊዜ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ አያሌ ቤተሰቦችን በረጅም ጊዜ ብድር የቤት ባለቤት አድርጓል። በ2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ጎሕ ቤቶች ባንክም በተለይ ለቤት ብድር የተቋቋመ ነው።

ይሁን እንጂ በሙዱላና በመሰል ከተሞች ቤት በመያዣ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ በር ነው። ቤቱ በባለቤቱ ላብና በዕቁብ ገንዘብ ከተሠራ በኋላ፣ ለሱቅ ማስፋፊያ፣ ለመኪና መግዣ፣ ለእህልና ለቡና ንግድ፣ ወይም ለልጅ መንገድ ሲባል በመያዣነት ይቀርባል። እንዲህ ሲሆን ብድሩ የንግድ ብድር ነው፤ የሚከፈለው ንግዱ ሲያተርፍ ነው፤ ንግዱ ሲወድቅ ግን የሚጠየቀው ቤቱ ነው።

የአካባቢው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዝንጅብል በከምባታ ጠምባሮና በወላይታ ለብዙ ገበሬና ነጋዴ ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግን የአጠውልግ በሽታ በማሳው ላይ ወርዶ ሰብሉን ፈጀው። በዝንጅብሉ ተስፋ የተበደረ ሰው፣ ገበሬም ቢሆን ከገበሬው የሚገዛ ነጋዴ፣ የሚከፍልበት ምንጭ በአንድ የምርት ዘመን ደረቀ። ብድሩ ግን ከዝንጅብሉ ጋር አልጠወለገም።

ሁለተኛው ምሳሌ የደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ በርካታ ወጣቶች ወደዚያ ሲጓዙ፣ ቤተሰብ ለመንገዱ ወጪ ከብቱን ሸጧል፤ ከዘመድ ተበድሯል፤ ቤቱንም ያስያዘ አለ። ብዙዎቹ ተሳክቶላቸው በላኩት ገንዘብ በሆሳዕናና በአካባቢው ከተሞች ያማረ ቤት ተሠርቷል። ነገር ግን በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት በተነሣ ጊዜ እንደሆነው ሁሉ፣ የልጁ ሱቅ በአንድ ሌሊት ሲዘረፍ በአገር ቤት ያለው የአባት ዕዳ እንዳለ ይቀራል።

ከሁለቱም ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም አታላይ አይደለም። ይህን አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ባለዕዳው ራሱን እንደ ወንጀለኛ በቆጠረ መጠን ከባንኩም ከወዳጁም ይሸሻል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በመዝገብ እንዲገባ ያዛል። ለባለዕዳው ትልቅ መከታ የሆነ ድንጋጌም አለው። ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ አበዳሪው ቤቱን ለራሱ እንዲወስድ፣ ወይም የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል እንዲሸጥ አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ዋጋ የለውም። ወለዱንም ይገድባል፤ ግለሰቦች እርስ በርሳቸው በሚበዳደሩበት ጊዜ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ሊዋዋሉ አይችሉም።

ባንክን በሚመለከት ግን በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ሌላ መንገድ ከፍቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ ከተበዳሪው ጋር አስቀድሞ ከተዋዋለ፣ ዕዳው በጊዜው ባልተከፈለ ጊዜ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልገው፣ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥና ስሙን ለገዢው ሊያዛውር ይችላል። በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ካልቀረበ ደግሞ ባንኩ ለመጀመሪያው ጨረታ በተቀመጠው መነሻ ዋጋ ንብረቱን ሊረከበው ይችላል። ጨረታው የሚካሄደው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ሐራጅ የተጻፈውን በመከተል ነው። ባንኩ ሕጉን ጥሶ በባለዕዳው ላይ ጉዳት ካደረሰ ኃላፊ ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይገባል። አንደኛ፣ 30 ቀን እጅግ አጭር ጊዜ ነው። በ30 ቀን ውስጥ የቤት ገዢ ማግኘት፣ ከዘመድ ገንዘብ መሰብሰብ ወይም ሌላ ባንክ ማነጋገር ለማንም ቢሆን አዳጋች ነው። ሁለተኛ፣ «ፍርድ ቤት ያግድልኛል» ብሎ መቀመጥ ደካማ ተስፋ ነው። አዋጁ ለባንኩ የመሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታልና፣ ለተበዳሪው የተተወለት ዋነኛ መፍትሔ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ ካሣ መጠየቅ ነው። ካሣ ደግሞ ቤት አይደለም።

ከዚህም ሌላ ሐራጅ ዕዳውን ሁሉ ይደመስሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ቤቱ የተሸጠበት ገንዘብ ከዕዳው፣ ከወለዱና ከወጪው ቢተርፍ ትርፉ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ቢጎድል ግን ባለዕዳው ቤቱን ካጣ በኋላም ቀሪውን ይጠየቃል።

የዝምታው ወራት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። አንድ ተበዳሪ የመጀመሪያውን ወር ሳይከፍል ሲቀር ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርግም። «በሚቀጥለው ወር ሁለቱን አንድ ላይ እከፍላለሁ» ይላል። በሁለተኛው ወር ባንኩ ባለበት መንገድ ማለፍ ይተዋል። በሦስተኛው ወር ስልክ ሲደወል አያነሣም። ለሚስቱ አይነግራትም፤ ለዕድር ወዳጁም አይነግርም። ለቅሶ ሲሆን መቶ ሰው የሚሰበሰብበት አገር፣ ዕዳ ሲሆን ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት አገር ይሆናል።

በባንኩ በኩል ግን በእነዚህ ወራት ሥራው አይቆምም። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሹ ብድሮች ተራ ይመደባል። ባንኩ ለእንዲህ ያለው ብድር ከገንዘቡ መጠባበቂያ እንዲይዝ ይገደዳል። ስለዚህ ከ90 ቀን በፊት የሚመጣ ተበዳሪና ከ90 ቀን በኋላ የሚመጣ ተበዳሪ በባንኩ ዓይን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ችግር የገጠመው ደንበኛ ነው፤ ሁለተኛው የተበላሸ መዝገብ ነው። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ከዚያ ወዲያ እጁ ይታሰራል።

እንግዲህ ክፍያ ያስቸገረው ሰው የሚከተሉትን ነገሮች በቅደም ተከተል ቢፈጽም ይጠቀማል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን ይወቅ። የብድር ውሉን አውጥቶ ያንብብ፤ ካልገባው የሚያነብለት ሰው ይፈልግ። ቀሪው ዋና ገንዘብ ስንት ነው? ወለዱ ከመቶ ስንት ነው? ለዘገየ ክፍያ የሚታሰበው ቅጣት ምን ያህል ነው? ቤቱ የተገመተው በስንት ነው? ኢንሹራንስ አለውን? የእነዚህን መልስ ከባንኩ በጽሑፍ መጠየቅ የተበዳሪው መብት ነው። ዕዳውን በውል የማያውቅ ሰው ሊደራደር አይችልም፤ ሊለምን ብቻ ይችላል።

በሁለተኛ ደረጃ ነገሩን ለትዳር ጓደኛው ይንገር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በላዩ ላይ ለሌላ ሰው መብት ለመስጠት የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባንኩ ቤት በመያዣ ሲቀበል የሁለቱንም ፊርማ ይጠይቃል። ነገር ግን «እዚህ ላይ ፈርሚ» ተብላ የፈረመች ሚስት ስለ ምን እንደፈረመች ሳታውቅ የምትኖርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ከፍትሕም ከጥቅምም አንጻር መጥፎ ነው። የቤቱን ወጪ የምታውቀው፣ ከየትኛው እንደሚቀነስ የምትለየው፣ ብዙ ጊዜም የቁጠባ ማኅበር አባል የሆነችው እርስዋ ናት። ባልየው የሸሸጋትን ዕዳ በመጨረሻ ከግድግዳ ላይ ከማስታወቂያ እንድታነብበው ማድረግ ከዕዳው የከፋ በደል ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ሁለቱም አብረው ወደ ባንኩ ይሂዱ፤ ማመልከቻም በጽሑፍ ያስገቡ። በቃል የተነገረ ነገር ሥራ አስኪያጁ ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። ማመልከቻው ችግሩ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ቤተሰቡ በወር ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችልና ገቢው መቼ ይሻሻላል ተብሎ እንደሚጠበቅ በግልጽ ይዘርዝር። የሚችለውን ያህል ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ አብሮ ያስገባ። ለማመልከቻውም የደረሰኝ ፊርማ በቅጂው ላይ ይቀበል።

ጊዜን የማስረዘም ጥቅሙና ዋጋው

ከባንኩ ሊጠየቁ ከሚችሉት ነገሮች ዋነኛው የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ነው። የዚህን ጥቅምና ዋጋ በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ሰው 200,000 ብር ቀሪ ዕዳ አለበት እንበል፤ ወለዱ በዓመት ከመቶ 18 ይሁን። ይህን በ3 ዓመት ለመክፈል በየወሩ 7,230 ብር ገደማ ያስፈልገዋል። ጊዜው ወደ 5 ዓመት ቢራዘምለት የወሩ ክፍያ ወደ 5,080 ብር ዝቅ ይላል። በወር ከ2,100 ብር በላይ እፎይታ ያገኛል ማለት ነው። ነገር ግን በጠቅላላው የሚከፍለው ገንዘብ ከ260,000 ወደ 305,000 ብር ገደማ ያድጋል። ስለሆነም ማራዘሚያ ስጦታ አይደለም፤ የሚገዛ ነገር ነው። ቤትን ለማዳን ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ሊገዛ የሚገባው ነገር ነው።

ይህ አሠራር በሌላው ዓለምም የተፈተነ ነው። በአሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን እጅግ ብዙ ቤቶች በዕዳ ሊሸጡ በተቃረቡ ጊዜ፣ መንግሥት በ1933 እ.ኤ.አ. ለቤት ባለቤቶች የሚያበድር ኮርፖሬሽን አቋቋመ። ከዚያ በፊት የነበሩት የቤት ብድሮች አብዛኛዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚመለሱ ነበሩ። ኮርፖሬሽኑ እነዚያን ብድሮች ገዝቶ ወደ 15 ዓመት አስረዘማቸው፤ ወለዱንም ቀነሰ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ቤተሰቦች በዚህ ዓይነት ብድር ተጠቀሙ። ከአምስቱ አንዱ ገደማ በኋላ ቤቱን ቢያጣም፣ አራቱ ግን ቤታቸውን አዳኑ። ቤተሰቦቹን ያዳናቸው የዕዳ ስረዛ ሳይሆን ጊዜ ነበር።

በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ያቀረበው፣ ባንኮቹ ለተቸገሩ ደንበኞቻቸው የዕዳ እፎይታና ተጨማሪ ብድር እንዲሰጡ ነበር። ይህ የሚያሳየው ብድርን እንደገና ማስተካከል በባንክ ሥራ ውስጥ የታወቀ ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ ተበዳሪው ማራዘሚያ ሲጠይቅ ምጽዋት እንደጠየቀ ሰው ሊያፍር አይገባውም። ባንኩም ቢሆን ሥራው ገንዘብ ማበደር እንጂ ቤት መነገድ አይደለም።

ቤቱ ራሱ ቤቱን ሲያድን

ማራዘሚያው ብቻ በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የቤቱን ገቢ መመልከት ያሻል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የወር ክፍያውን መቻል ሲያቅታቸው ቤቱን አከራይተው፣ ራሳቸው በዝቅተኛ ኪራይ ሌላ ቦታ እየኖሩ ዕዳውን ከፍለዋል። ቤቱን በአምስት ዓመት ውስጥ መሸጥ የተከለከለ ስለነበረ ይህ መንገድ ለብዙዎች ብቸኛው መውጫ ነበር። ምቾት የለውም፤ ነገር ግን ቤቱን አትርፏል። በሙዱላም በመንገድ ዳር ያለ ክፍል ለነጋዴ፣ የጓሮ ክፍል ለተማሪ ወይም ለአዲስ ተመዳቢ ሠራተኛ ሊከራይ ይችላል። ቤተሰቡ ለሁለት ዓመት ተጨናንቆ መኖሩ፣ ለዘለዓለም ተከራይ ከመሆን ይሻላል።

ይህም ካልሆነ የመጨረሻው መንገድ ባለቤቱ ቤቱን ራሱ መሸጡ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ነገር ግን በገዛ ፈቃድና በቂ ጊዜ ኖሮት የሚሸጥ ቤት፣ በሐራጅ ከሚሸጥ ቤት የተሻለ ዋጋ ማውጣቱ የታወቀ ነው። ለሐራጅ የሚመጣ ገዢ የሚመጣው ርካሽ ፍለጋ ነው። ባለቤቱ ለባንኩ አስታውቆ፣ ገዢ ይዞ ቀርቦ፣ ከሽያጩ ገንዘብ ዕዳው በቅድሚያ ተከፍሎ መያዣው እንዲነሣ ቢያደርግ፣ በቀሪው ገንዘብ ትንሽም ብትሆን ሌላ ቤት የመሥራት ዕድል ይኖረዋል። ቤቱን በጊዜ የሸጠ ሰው ተሸነፈ አይባልም፤ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ ይባላል።

በአንጻሩ ፈጽሞ ሊኬድበት የማይገባ መንገድ አለ፤ እርሱም ከባንክ ዕዳ ወደ አራጣ መሸሽ ነው። አራጣ አበዳሪ ብዙውን ጊዜ የመያዣ ውል አያደርግም፤ ቤቱ የተሸጠ አስመስሎ የሽያጭ ውል ያስፈርማል። ሕጉ አስቀድሞ የተደረገን የመውሰድ ስምምነት እንደማይቀበል ስለሚያውቅ በሌላ ስም ይሸፍነዋል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው በኋላ «ብድር እንጂ ሽያጭ አልነበረም» ብሎ ማስረዳት እጅግ ይከብደዋል። በወረቀት ላይ ከሐቁ ውጪ የሆነ ነገር መፈረም፣ ምንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቤትን በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት ነው።

እንዲሁም በገጠር የቤተሰብ መሬትን በወለድ አገድ ለመስጠት የሚያስብ ሰው በጥንቃቄ ይመልከተው። ወለድ አገድ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ገንዘብ ሰጪው መሬቱን እያረሰ ፍሬውን በወለዱ ፈንታ ይበላል። የከተማውን ቤት ለማዳን ተብሎ የገጠሩ እንሰትና ማሳ ለዓመታት ከእጅ ከወጣ፣ ቤተሰቡ በአንድ በኩል ያገኘውን በሌላ በኩል ሊያጣው ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ

የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ደርሶ ከሆነም ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ቀን ዋጋ አላት። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ይመዝገብ። የተጠየቀው ገንዘብ ከባንኩ የሒሳብ መግለጫ ጋር ይመሳከር፤ የተከፈለ ሆኖ ያልተመዘገበ ካለ ደረሰኙ ይቅረብ። የሐራጁ መነሻ ዋጋ ከገበያው እጅግ ያነሰ መስሎ ከታየ ባለቤቱ ይህን በጽሑፍ ይቃወም፤ ከቻለም የራሱን የባለሙያ ግምት ያያይዝ። በመነሻ ዋጋው ላይ ዝም ማለት ጉዳቱ ብዙ ነው፤ በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ከጠፋ ባንኩ ቤቱን ሊረከብ የሚችለው በዚያው ዋጋ ነውና። የአካባቢው ሰው ጨረታውን እንዲያውቀው ማድረግም ነውር አይደለም፤ ተጫራች በበዛ መጠን ዋጋው ከፍ ይላልና። የሕግ ጥሰት ካለ ደግሞ ወደ ሕግ ባለሙያ ሄዶ ማስረጃውን በጊዜው ማስያዝ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር ለዘመድ ዕዳ ሲሉ የገዛ ቤታቸውን ያስያዙ ሰዎች መዘንጋት የለባቸውም። በዚህ አካባቢ ለወንድም፣ ለአማች ወይም ለጎረቤት ልጅ «እምቢ» ማለት ከባድ ነገር ነው። ቤቱን ያስያዘለት ሰው ግን ዋናው ተበዳሪ ሲጠፋ ወይም ሲከስር የመጀመሪያው ተጎጂ ይሆናል። ስለሆነም ያስያዘ ሰው ክፍያው በየወሩ መፈጸሙን ደረሰኝ እያየ የማረጋገጥ መብቱን አስቀድሞ ከዘመዱ ጋር ይዋዋል። ይህን መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ዝምድናውን ከጠብ ማዳን ነው።

የዕድርና የማኅበር ድርሻ

የጠምባሮ፣ የከምባታና የሐዲያ ሕዝብ የመረዳዳት ባህሉ የታወቀ ነው። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ የጎረቤት ደቦው፣ የሽማግሌ ሸንጎው ሁሉ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ተቋማት በሞትና በሠርግ ሲሠሩ ይታያሉ፤ በዕዳ ጊዜ እምብዛም አይታዩም። ምክንያቱም የሞተ ሰው ሊደበቅ አይችልም፤ ዕዳ ግን ይደበቃል። ሰው ሲሞት የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ያ ሰው በሕይወት ሳለ ቤቱ ሊሸጥበት ሲል በብድር መልክ ቢሰጠው ኖሮ ለሙትም ለቋሚም የተሻለ በሆነ ነበር።

በተለይ የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ረገድ ትልቅ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። የዘገዩ ሁለት ወይም ሦስት ወራት ክፍያ የሚሸፍን አነስተኛ ብድር፣ በወቅቱ ከተሰጠ፣ የአባሉ ብድር ከተበላሹት ተራ እንዳይገባ ያደርጋል። እርግጥ ነው፣ ይህ ሊጠቅም የሚችለው አባሉ ከዚያ በኋላ የመክፈል አቅም የሚኖረው ሲሆን ብቻ ነው። ደመወዙ በሌላ ዕዳ ቀድሞ ለተበላ ሰው አዲስ ብድር መስጠት ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ ሊሰጠው የሚገባው ገንዘብ ሳይሆን ቅን ምክር ነው፤ ምክሩም ቤቱን ራሱ በጊዜ እንዲሸጥ የሚል ሊሆን ይችላል።

የመምህራን ማኅበርም ብዙ ወጪ ሳያወጣ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። በየትምህርት ቤቱ አንድ ወይም ሁለት አባላት የብድር ውልና የባንክ ደብዳቤ ማንበብ፣ የክፍያ ሒሳብ ማስላትና ማመልከቻ ማርቀቅ ቢለማመዱ፣ ለባልደረባቸውም ለወላጆችም አገልግሎት ይሰጣሉ። የሒሳብ መምህሩ የወለድን ነገር ሲያስተምር ከመጽሐፉ ምሳሌ ጎን የአካባቢውን ብድር ምሳሌ ቢያክልበት፣ ተማሪው ማታ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ያሰላለታል። ምስጢር መጠበቅ ደግሞ የዚህ ሁሉ መሠረት ነው። ዕዳውን የነገረ ሰው በማግሥቱ በገበያ ወሬው ከደረሰው፣ ዳግመኛ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ዝምታውም እንደገና ይነግሣል።

የተከበራችሁ አባላት፤

የኑሮ ውድነት በበረታበት፣ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የደመወዝተኛው የመግዛት አቅም በተፈተነበት በዚህ ዘመን፣ ባለፈው ዓመት ያለ ችግር ይከፍል የነበረ ሰው ዘንድሮ ሊቸገር ይችላል። ይህ ሰው በየመምህራን ክፍሉ አለ። በዕረፍት ሰዓት ከሌላው ጋር ሻይ እየጠጣ፣ እየሳቀም ይሆናል። ባንኩ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት አንድ ባልደረባ «ክፍያው እንዴት እየሄደልህ ነው?» ብሎ በቀስታ ቢጠይቀው፣ ያ ጥያቄ ከማናቸውም መዋጮ ይበልጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደተባለው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ባለዕዳው ቢሆንም ጭንቀቱን ብቻውን እንዲሸከመው ግን አይገባም።